ተገጣጣሚ ነው ወይስ ምስስል? ጎነ ብዙዎችን ደረጃ በደረጃ መለየት

ደብረ ብርሃን ሰፈሬ ያሉ የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ልጆች ማታ ማታ ደብተራቸውን ይዘው ይመጣሉ። ጥያቄያቸው ሁሌም አንድ ነው። «ጋሼ፣ እነዚህ ሁለቱ ተገጣጣሚ ናቸው ወይስ ምስስል ብቻ? በምን አውቃለሁ?» ወላጆችም ይጠይቁኛል። ልጃቸውን ሊያግዙ ይቀመጡና ቃሉ ላይ ሲደርሱ ይቆማሉ። ለሁሉም በአንድ ጊዜ እንዲሆን ይኸው ጻፍኩት። እየሠራችሁ አንብቡት። በንባብ ብቻ ቶሎ አይያዝም። መቀስና ማስመሪያ ይዛችሁ ከተቀመጣችሁ ግን በአንድ ማታ ይገባችኋል።

መጀመሪያ በቃላቱ እንግባባ።

ጎነ ብዙ ማለት በቀጥታ መስመሮች ብቻ የተዘጋ ምስል ነው። ጎነ ሦስት፣ ጎነ አራት፣ ጎነ አምስት ሁሉም ጎነ ብዙ ናቸው። ክብ ጎነ ብዙ አይደለም፤ ቀጥ ያለ ጎን የለውም። አንድ ቦታ ላይ ክፍት የቀረ ምስልም አይደለም። ሁለት ጎኖች የሚገናኙበትን ነጥብ «ጫፍ» እለዋለሁ። እዚያ ጫፍ ላይ ያለው ክፍተት አንግል ነው፤ መጽሐፋችሁ «ዘዌ» ሊለው ይችላል።

ተገጣጣሚ የሚባሉት አንዱን ቆርጣችሁ ሌላው ላይ ስታስቀምጡት ልክክ የሚሉት ናቸው። ጎኖቻቸውም አንግሎቻቸውም እኩል ናቸው። ምልክቱ ≅ ነው።

ምስስል የሚባሉት ደግሞ ቅርጻቸው አንድ ሆኖ መጠናቸው ሊለያይ የሚችል ነው። አንግሎቻቸው እኩል ናቸው። የአንዱን ጎኖች በሙሉ በአንድ ቁጥር ስታባዙ የሌላውን ጎኖች ታገኛላችሁ። ያንን ቁጥር እዚህ «ማባዣ» እለዋለሁ። ምልክቱ ~ ነው። ማባዣው 1 ከሆነ ምስስሎቹ ተገጣጣሚም ናቸው ማለት ነው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ሚሊሜትር የሚነበብበት ማስመሪያ
- ፕሮትራክተር
- በደንብ የተቀረጸ እርሳስና ላጲስ
- መስመር የሌለው ወረቀት፣ ኤ4 ቢሆን ይመረጣል
- የብስኩት ወይም የሳሙና ካርቶን
- መቀስ
- አራት አምስት ፒን
- ለመጨረሻው ሥራ አንድ ሜትር የሆነ ቀጥ ያለ ዱላና ሜትር

እርሳሱ ለምን በደንብ ይቀረጽ? የደነዘ እርሳስ መስመሩን አንድ ሚሊሜትር ያወፍረዋል። 3 ሴንቲሜትር ጎን ላይ አንድ ሚሊሜትር ብዙ ነው፤ ሬሾውን፣ ማለትም አንዱን ጎን ለሌላው ስታካፍሉ የሚወጣውን ቁጥር፣ ያዛባባችኋል።

ደረጃ 1፦ ሁለቱን ምስሎች ሥሩ

የመጀመሪያውን ወረቀት ላይ ሣሉ። ሀለ የሚባል 6 ሴንቲሜትር አግድም መስመር አስምሩ። ከሀ ተነስታችሁ ቀጥ ብላችሁ ወደ ላይ 4 ሴንቲሜትር ውጡና ረ በሉት። ከረ ወደ ቀኝ፣ ከታችኛው መስመር ጋር ትይዩ አድርጋችሁ፣ 3 ሴንቲሜትር ሂዱና መ በሉት። መ እና ለን አገናኙ። ይህን የመጨረሻ መስመር ለኩት። 5 ሴንቲሜትር መምጣት አለበት። ካልመጣ ሀ ወይም ረ ላይ 90 ዲግሪ አልሆነላችሁም ማለት ነው፤ አጥፉና እንደገና ሣሉ።

ሁለተኛውን ካርቶን ላይ በዚያው መንገድ ሣሉ። ታች 9፣ ቁመት 6፣ ላይ 4.5 ሴንቲሜትር። ሰያፉ 7.5 ይመጣል። ቁረጡት። አሁን ገልብጡት፣ ትንሽም አዙሩት፣ ከወረቀቱ አጠገብ አስቀምጡት። ፊደል ገና አትጻፉበት።

የምንገለብጠው ፈተና ላይ ምስሎቹ አንድ ዓይነት አቀማመጥ ይዘው ስለማይመጡ ነው። አንዱ ተዘቅዝቆ፣ ሌላው ተገልብጦ ይመጣል። መገልበጥ፣ ማዞርና ማንሸራተት ርዝመትንም አንግልንም አይነካም። ዓይናችሁ ይህን ከአሁኑ ይልመድ።

ደረጃ 2፦ ጎን ቁጠሩ

የጎን ብዛታቸው ከተለያየ እዚሁ ቁሙ። ተገጣጣሚም ምስስልም ሊሆኑ አይችሉም። የእኛዎቹ አራት አራት ስለሆኑ እንቀጥል።

ደረጃ 3፦ አንግሎቹን ሁሉ ለኩ፣ ድምሩን አረጋግጡ

በእያንዳንዱ ጫፍ ውስጥ ቁጥሩን ጻፉ። በመጀመሪያው ምስል ሀ 90፣ ለ 53 ገደማ፣ መ 127 ገደማ፣ ረ 90 ታገኛላችሁ። የካርቶኑም ቁጥሮች እነዚሁ ናቸው።

ድምር ማረጋገጫው እንዲህ ነው። ከጎኖቹ ብዛት 2 ቀንሱ፣ በ180 አባዙ። ለጎነ አራት 2 ጊዜ 180፣ 360 ይሆናል። ለጎነ አምስት 540። የእናንተ ድምር በአንድ ወይም ሁለት ዲግሪ ቢያንስ ወይም ቢበልጥ ችግር የለውም፤ የእጅ ስህተት ነው። በ10 ወይም በ70 ከራቀ ግን አንዱን ተሳስታችሁ አንብባችኋል።

*ጥንቃቄ፦* ፕሮትራክተር ላይ ሁለት ረድፍ ቁጥር አለ። 53 ማንበብ ሲገባችሁ 127 ልታነቡ ትችላላችሁ። ከመለካታችሁ በፊት አንግሉን በዓይን እዩት። ከደብተር ጥግ የጠበበ ከሆነ ከ90 በታች ነው፤ የሰፋ ከሆነ ከ90 በላይ ነው።

ደረጃ 4፦ ጫፎቹን አጣምሩ

ልጆች የሚሳሳቱት አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ቀስ እንበል።

አንዲት ጎበዝ ተማሪ ይህንኑ ጥያቄ ስትሠራ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። ጎኖቹን ለካች። በመጀመሪያው ላይ 6 አገኘች። በሁለተኛውም ላይ 6 አገኘች። ደስ ብሏት ሁለቱን 6 በቀይ እስክሪብቶ አገናኘቻቸው። ከዚያ ዙሪያውን እየተከተለች ስታካፍል ሬሾዎቹ 1፣ 1.8፣ 2.5፣ 1.125 ወጡ። «ምስስል አይደሉም» ብላ ጻፈች። ስሌቷ ላይ አንድም ስህተት አልነበረም። የተሳሳተችው ማጣመሩ ላይ ብቻ ነው። የመጀመሪያው 6 የታችኛው ረጅሙ ጎን ነው። የሁለተኛው 6 ግን ቁመቱ ነው።

ስለዚህ ጫፍ የምታጣምሩት በጎን ርዝመት ሳይሆን በአንግል ነው። እንዲህ አድርጉ።

ሀ) በምስሉ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ የሚገኝ አንግል ፈልጉ። በእኛ ምስል 53 ዲግሪው አንድ ብቻ ነው። 90 ሁለት ስላለ ከእሱ አትጀምሩ።

ለ) በካርቶኑ ላይ 53 ዲግሪ ያለውን ጫፍ ፈልጉና ቀ በሉት። ለ የሚጣመረው ከቀ ጋር ነው።

ሐ) አሁን ጎረቤቶቹን እዩ። ከለ በአንድ በኩል 90፣ በሌላው በኩል 127 አለ። በካርቶኑም እንደዚያው ነው። 127ቱን በ በሉት፤ የመ ጓደኛ ነው።

መ) በዚያው አቅጣጫ ቀጥሉ። ከበ ቀጥሎ ያለው 90 ተ ይሁን፤ የረ ጓደኛ ነው። የቀረው ሰ ነው፤ የሀ ጓደኛ።

ሁለቱ 90 ዲግሪዎች እንዴት እንደተለዩ አያችሁ? ብቻቸውን ብታዩአቸው አይለዩም። ጎረቤታቸው ነው የለያቸው። አንደኛው ከ53 አጠገብ፣ ሌላው ከ127 አጠገብ ነው።

ስታጣምሩ በመጀመሪያው ምስል ወደ ቀኝ፣ በተገለበጠው ደግሞ ወደ ግራ እየዞራችሁ ሊሆን ይችላል። ልክ ነው፣ አትደንግጡ። ቅደም ተከተሉን ግን አትዝለሉ።

አሁን ሀለመረ እና ሰቀበተ ብላችሁ ስትጽፉ የፊደሎቹ ተራ ራሱ ይናገራል። አንደኛው ከአንደኛው፣ ሁለተኛው ከሁለተኛው ይጣመራል። ስማቸውን በዘፈቀደ ካፈራረቃችሁ ግን ሐሳባችሁ ልክ ሆኖ መልሳችሁ ስህተት ይባላል።

ደረጃ 5፦ ተጓዳኝ ጎኖችን አካፍሉ

ተጓዳኝ የምላቸው በደረጃ 4 ባጣመርናቸው ጫፎች መካከል ያሉትን ጎኖች ነው። ሁልጊዜ የሁለተኛውን ለመጀመሪያው አካፍሉ።

- ሰቀ ለ ሀለ፦ 9 ÷ 6 = 1.5
- ቀበ ለ ለመ፦ 7.5 ÷ 5 = 1.5
- በተ ለ መረ፦ 4.5 ÷ 3 = 1.5
- ተሰ ለ ረሀ፦ 6 ÷ 4 = 1.5

አቅጣጫውን መሃል ላይ አትቀይሩ። አንዱን ትልቁን ለትንሹ፣ ቀጣዩን ትንሹን ለትልቁ ካካፈላችሁ አንዱ 1.5፣ ሌላው 0.67 ይወጣና ምስስሉን ምስስል አይደለም ትላላችሁ።

በእጅ ስትለኩ 1.48 ወይም 1.52 ቢመጣ ተቀበሉት። ጥያቄው ላይ ቁጥሩ ተጽፎ ከተሰጣችሁ ግን በትክክል እኩል መሆን አለበት፤ «ተቀራራቢ ነው» ብሎ ማለፍ የለም።

ደረጃ 6፦ ወስኑ

- ተጓዳኝ አንግሎች ሁሉ እኩል፣ ሬሾው ሁሉ 1 ከሆነ፦ ተገጣጣሚ።
- ተጓዳኝ አንግሎች ሁሉ እኩል፣ ሬሾው ሁሉ አንድ ዓይነት ሆኖ ከ1 የተለየ ከሆነ፦ ምስስል እንጂ ተገጣጣሚ አይደለም።
- አንድ አንግል ወይም አንድ ሬሾ እንኳ ካፈነገጠ፦ ሁለቱንም አይደለም።

የእኛ ሬሾ በሙሉ 1.5 ነው። ሀለመረ ~ ሰቀበተ።

ደረጃ 7፦ በእጃችሁ አረጋግጡ

ወረቀቱ ላይ ያለውን ትንሹን ምስል ቁረጡት። የለን ጫፍ በካርቶኑ ቀ ላይ አስቀምጡ። ካልገጠመ ገልብጡት። ሁለቱ ጎኖች በካርቶኑ ጎኖች ላይ ተኝተው ይሄዳሉ፤ የሚያጥሩት ርዝመት ላይ ብቻ ነው። በሌሎቹ ሦስት ጫፎችም ሞክሩ። አንግል እኩል ነው ማለት ይኸው ነው።

ለተገጣጣሚ ምስሎች ሙከራው ከዚህም ይቀላል። ሁለቱን ወረቀቶች ደርባችሁ ጠዋት መስኮት ላይ ለጥፉ። ብርሃኑ ሁለቱንም መስመር ያሳያችኋል። አንድ መስመር ብቻ ከታያችሁ ተገጣጥመዋል።

ለምን አንግልም ጎንም? አንዱ አይበቃም?

ይህን ጥያቄ የሚጠይቀኝ ልጅ ሲመጣ ደስ ይለኛል። መልሱን እጁ ላይ እናሠራው።

ከካርቶን አራት ቀጫጭን ቁራጮች ቁረጡ። በእያንዳንዱ ላይ ሁለት ቀዳዳ አብጁ፤ በቀዳዳዎቹ መካከል 10 ሴንቲሜትር ይሁን። ጫፍና ጫፋቸውን በፒን አያይዙ። ካሬ ሆነ። አሁን አንዱን ጥግ በጣታችሁ ገፋ አድርጉት። ካሬው ያዘነብላል። አራቱም ጎኖች አሁንም 10 ናቸው፤ አንዱም አልተቆረጠም፣ አንዱም አልተሳበም። አንግሎቹ ግን ተለወጡ። ስለዚህ ጎኖች እኩል መሆናቸው ብቻ ጎነ አራትን ተገጣጣሚም ምስስልም አያደርገውም።

በተቃራኒው ደግሞ አንድ ካሬና አንድ ረዘም ያለ ሬክታንግል ጎን ለጎን ሣሉ። የሁለቱም አንግሎች በሙሉ 90 ናቸው። ምስስል ናቸው? አይደሉም። 4 በ4 እና 4 በ8 ቢሆኑ ሬሾው አንዱ 1፣ ሌላው 2 ነው። አንግልም ብቻውን አይበቃም።

አሁን አምስተኛ ቁራጭ ጨምሩ። በካሬው ውስጥ ከጥግ ወደ ጥግ ሰያፍ አድርጋችሁ በፒን አስሩት። በቀዳዳዎቹ መካከል 14.1 ሴንቲሜትር ያስፈልጋል። ጥጉን ግፉት። አይነቃነቅም። ምክንያቱም ካሬው ሁለት ጎነ ሦስት ሆኗል፤ ጎነ ሦስት ደግሞ ሦስት ጎኖቹ ከተወሰኑ ሌላ ቅርጽ መያዝ አይችልም። የግቢያችሁን የቆርቆሮ በር ከጀርባው እዩት። አናጢው ከታች ጥግ ወደ ላይ ጥግ የመታው ሰያፍ እንጨት ለዚህ ነው። እሱን ካወጣችሁት በሩ እንደ ካርቶኑ ያዘነብላል።

ለጎነ ሦስት ብቻ የሚሠራ አቋራጭ

ጎነ ሦስት ላይ ስድስቱንም ነገር መለካት አያስፈልግም።

ተገጣጣሚ ለመሆናቸው ከእነዚህ አንዱ ይበቃል፦
- ሦስቱም ተጓዳኝ ጎኖች እኩል መሆን
- ሁለት ጎኖችና በመካከላቸው ያለው አንግል እኩል መሆን
- ሁለት አንግሎችና አንድ ተጓዳኝ ጎን እኩል መሆን

ምስስል ለመሆናቸው ደግሞ ሁለት አንግሎች እኩል መሆናቸው ብቻ ይበቃል። ሦስተኛው ከ180 ላይ ተቀንሶ ራሱ እኩል ይመጣል። የሦስቱም ጎኖች ሬሾ አንድ ከሆነም ይበቃል። የሁለት ጎኖች ሬሾ አንድ ሆኖ በመካከላቸው ያለው አንግል እኩል ከሆነም እንዲሁ።

*ማስጠንቀቂያ፦* አንግሉ በሁለቱ ጎኖች መካከል ካልሆነ አቋራጩ አይሠራም። ሞክሩት። 30 ዲግሪ አንግል ሣሉ፤ በአንዱ ክንዱ ላይ 8 ሴንቲሜትር ለኩና ምልክት አድርጉ። ከዚያ ምልክት 5 ሴንቲሜትር የሆነ ቁራጭ ይዛችሁ ሌላውን ክንድ እስኪነካ አዙሩት። ሁለት ቦታ ይነካል። ሁለት የተለያዩ ጎነ ሦስቶች ወጡ ማለት ነው፤ የተሰጡት ቁጥሮች ግን አንድ ነበሩ።

ይህንን አቋራጭ ጎነ አራት ላይ አትጠቀሙ። ለምን እንደማይሠራ የሚያዘነብለው ካርቶን አሳይቷችኋል።

ዙሪያና ስፋት ላይ የሚመጣ ስህተት

ማባዣው 1.5 ከሆነ ዙሪያውም በ1.5 ይባዛል። የእኛ ትንሹ ምስል ዙሪያ 18 ሴንቲሜትር፣ የትልቁ 27 ነው። ስፋቱስ? በ1.5 አይባዛም። በ1.5 ጊዜ 1.5፣ ማለትም በ2.25 ይባዛል። የትንሹ ስፋት 18 ካሬ ሴንቲሜትር፣ የትልቁ 40.5 ነው። (የትንሹ ዙሪያና ስፋት ሁለቱም 18 መሆናቸው በአጋጣሚ ነው።)

ስፋት ሁለት ልኬት ተባዝቶ ስለሚመጣ ነው ማባዣው ሁለት ጊዜ የሚገባው። ይህ ለፈተና ብቻ አይደለም የሚጠቅመው። የቤት ቦታ ፕላን የእውነተኛው መሬት ምስስል ነው። 1 ለ 500 የሚል ፕላን ላይ 1 ሴንቲሜትር መሬት ላይ 5 ሜትር ነው። 2 በ4 ሴንቲሜትር የተሣለ ቦታ 10 በ20 ሜትር ነው፣ 200 ካሬ ሜትር። ወረቀቱ ላይ ያለውን 8 ካሬ ሴንቲሜትር በ500 ብቻ ብታባዙ 4,000 ካሬ ሴንቲሜትር ይወጣላችኋል፤ ይህ ግማሽ ካሬ ሜትር እንኳ አይሞላም።

ሌሎች በተደጋጋሚ የማያቸው ስህተቶች

*መደመርን ከማባዛት ማምታታት።* 10 በ15 ሴንቲሜትር ፎቶ ላይ በአራቱም በኩል 2 ሴንቲሜትር ፍሬም ቢዞርበት የውጭው 14 በ19 ይሆናል። ፎቶውና ፍሬሙ ምስስል ይመስላሉ፤ አይደሉም። 14 ÷ 10 = 1.4 ነው፤ 19 ÷ 15 ደግሞ 1.27 ገደማ። እኩል ቁጥር መደመር ቅርጹን ይለውጣል።

*«ሁሉም ሬክታንግል ምስስል ነው» ማለት።* ካሬዎች ሁሉ ምስስል ናቸው፣ ሦስት እኩል ጎን ያላቸው ጎነ ሦስቶች ሁሉም ምስስል ናቸው። ሬክታንግል ግን አይደለም።

*ምስሉን በዓይን ብቻ መፍረድ።* ጥያቄው ላይ «ምስሉ በልኬት አልተሣለም» ተብሎ ከተጻፈ ማስመሪያችሁን አስቀምጡ። የተሰጠውን ቁጥር ብቻ ተጠቀሙ።

ውጭ ወጥታችሁ ሞክሩት፦ የባሕር ዛፍ ቁመት

እዚህ አካባቢ ባሕር ዛፍ የሌለበት ሰፈር የለም። ሳትወጡበት ቁመቱን ለኩ።

1. ፀሐይ ጥርት ባለችበት ቀን፣ ጠዋት 4 ሰዓት ወይም ከሰዓት 9 ሰዓት ገደማ ውጡ። እኩለ ቀን ላይ ጥላው በጣም ያጥራል፤ ጥቂት ስህተት ውጤቱን ብዙ ያዛባል።
2. የ1 ሜትር ዱላውን ቀጥ አድርጋችሁ ትከሉ። ክር ላይ ድንጋይ አስራችሁ አጠገቡ አንጠልጥሉ፤ ዱላው ከክሩ ጋር ትይዩ ከሆነ ቀጥ ብሏል።
3. የዱላውን ጥላ ለኩ። 80 ሴንቲሜትር ነው እንበል።
4. ወዲያውኑ የዛፉን ጥላ ለኩ። ከግንዱ መሃል ጀምሩ። 12 ሜትር ነው እንበል።
5. 12 ÷ 0.8 = 15። ማባዣው 15 ነው። ዱላው 1 ሜትር ስለሆነ ዛፉ 15 ሜትር ነው።

የሚሠራው ለምንድን ነው? ዱላውም ዛፉም ከመሬት ጋር 90 ዲግሪ ይሠራሉ። የፀሐይ ጨረር ሁለቱም ላይ በአንድ ዓይነት አንግል ያርፋል። ሁለት አንግል እኩል ሆነ፤ ስለዚህ ሁለቱ ጎነ ሦስቶች ምስስል ናቸው።

*ጥንቃቄ፦* መሬቱ ሜዳ መሆን አለበት። ደብረ ሲና ወይም አንኮበር በኩል ያላችሁ ተዳፋት ላይ ብትለኩ 90 ዲግሪው ይጠፋል፤ ቁልቁለት ላይ ጥላው ይረዝማል፣ ዳገት ላይ ያጥራል። የትምህርት ቤት ሜዳ አጠገብ ያለ ዛፍ ምረጡ። ሁለቱን ጥላዎች በደቂቃዎች ልዩነት ውስጥ ለኩ፤ ሻይ ጠጥታችሁ ብትመለሱ ጥላው ቦታ ቀይሮ ይጠብቃችኋል። የዘመመ ዛፍም አትምረጡ። ፀሐይዋን በቀጥታ አትዩ፤ የምትፈልጉት ነገር ሁሉ መሬት ላይ ነው ያለው።

ለመለማመጃ

አንድ ኤ4 ወረቀት ውሰዱ፤ 21 በ29.7 ሴንቲሜትር ነው። ረጅሙን ጎን ለሁለት እጠፉት። የታጠፈው ከሙሉው ጋር ምስስል ነው? ከዚያ ዘርጉትና አሁን አጭሩን ጎን ለሁለት እጠፉት። አሁንስ?

መልሱ፦ በመጀመሪያው እጥፋት 14.85 በ21 ይሆናል። 14.85 ÷ 21 እና 21 ÷ 29.7 ሁለቱም 0.707 ገደማ ናቸው፤ ምስስል ነው። በሁለተኛው እጥፋት 10.5 በ29.7 ይሆናል። 10.5 ÷ 21 = 0.5 ነው፤ 29.7 ÷ 29.7 ደግሞ 1። ምስስል አይደለም።